ዝርዝሩ የት አለ? ስለ ብርበራ ማዘዣ ታሪክና ትርጉም

በመጋቢት ወር 1969 ዓ.ም፣ በአዲስ አበባ የቤት ለቤት አሰሳ በተካሄደበት ሰሞን፣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ። ወደ ቤታችን የመጡት ጎሕ ሳይቀድ ነው። አምስት ነበሩ፤ ሦስቱ ጠመንጃ ይዘዋል። አባቴ የአንደኛ ደረጃ መምህር ነበር። በሩን ከፍቶ ወደ ጎን ቆመ እንጂ ማን እንደላካቸውም ሆነ ምን እንደሚፈልጉ አልጠየቀም። ፍራሹ ተገለበጠ፣ የእናቴ ዱቄት መሬት ላይ ተደፋ፣ የተማሪዎቹ የፈተና ወረቀት አንድ በአንድ ታየ። ሲወጡ ፊሊፕስ ሬዲዮናችንንና አንድ ጆንያ ሙሉ መጻሕፍት ይዘው ሄዱ። ሬዲዮኑም መጻሕፍቱም አልተመለሱም። እኛ ግን ዕድለኞች ነበርን፤ በዚያ ሳምንት ከብዙ ቤት የተወሰደው ሬዲዮ ሳይሆን ልጅ ነው።

ዓመታት አለፉ። ደርግ ከወደቀ በኋላ አባቴ ከአሮጌ መጻሕፍት ነጋዴ አንድ የተቀዳደደ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ቅጂ ገዝቶ መጣ። በእርሳስ ካሰመረበት አንቀጽ ላይ ጣቱን አሳርፎ «አየህ ልጄ፣ የወሰዱትን ዕቃ ዝርዝር መጻፍ ነበረባቸው፤ ገለልተኛ ሰውም ሊፈርምበት ይገባ ነበር» አለኝ። ንግግሩ ያን ጊዜ የዋህነት መስሎ ታየኝ፤ እንዲያውም አናደደኝ። ሰው እንደ ቅጠል በረገፈበት ዘመን የምን ዝርዝር፣ የምን ፊርማ? ዛሬ አባቴ በሕይወት የለም፤ እኔም አስተያየቴን ለውጫለሁ። ይህ ጽሑፍ ያኔ ልሰጠው ይገባኝ የነበረው መልስ ነው። (የአገራችንን ዘመን በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ የውጭውን እ.ኤ.አ. እያልኩ እጽፋለሁ።)

ማዘዣ ሲባል ምን ማለት ነው?

ብዙዎቻችን የብርበራ ማዘዣን የምንረዳው ፖሊስ ሰው ቤት ለመግባት የሚያገኘው ፈቃድ አድርገን ነው። ይህ ትርጉም ስሕተት ባይሆንም ግማሽ ነው። ጥቅምት 23 ቀን 1954 ዓ.ም የወጣውን የሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 32 እና 33 ላነበበ ሰው ማዘዣው ከፈቃድነቱ ይልቅ ገደብነቱ ይጎላል። የፖሊስ ባልደረባ ማዘዣ ሳይዝ ቤት መበርበር አይችልም። ማዘዣውን የሚሰጠው ፍርድ ቤት ነው፤ ፍርድ ቤቱም ብርበራው ለፍትሕ ሥራ እንደሚጠቅም ካላመነ አይሰጥም። ማዘዣው የሚፈለገውን ዕቃ ለይቶ መናገር አለበት፤ በርባሪውም ከተጠቀሰው ዕቃ ውጪ ምንም ሊወስድ አይችልም። የተያዘው ዕቃ በዝርዝር ይጻፋል፤ በተቻለ መጠንም ገለልተኛ ሰው ተመልክቶ ይፈርምበታል። ፍርድ ቤቱ በግልጽ ካላዘዘ በቀር ብርበራ የሚካሄደው ከጧቱ 12 ሰዓት እስከ ማታው 12 ሰዓት ብቻ ነው።

ሕጉ ችግር የማያውቅ ሕግ አይደለም። ወንጀለኛው እግር በእግር እየተከተሉት ቤት ከገባ ወይም ዕቃውን እዚያ ከጣለ ማዘዣ አያስፈልግም። እንዲሁም ክስ ወይም አቤቱታ የቀረበበት ወንጀል ከሦስት ዓመት በላይ በሆነ እስራት የሚያስቀጣ ሲሆን፣ ማስረጃ የሚሆን ዕቃ በአንድ ቦታ መደበቁን የሚያመለክት በቂ ምክንያት ከተገኘና ማዘዣ እስኪወጣ ድረስ ዕቃው እንደሚሸሽ በበቂ ምክንያት ከታመነ ፖሊስ ያለ ማዘዣ ሊገባ ይችላል።

እንግዲህ የጉዳዩ ፍሬ ነገር ይህ ነው። በሚበረብረውና በሚበረበረው መካከል አንድ ሦስተኛ ሰው ይቆማል፤ ያ ሰው ከጉዳዩ ጥቅም የሌለው ዳኛ ነው። ዳኛው የሚጠየቀው በሩ ከመንኳኳቱ በፊት ነው እንጂ ዕቃው ከተገኘ በኋላ አይደለም። ከተገኘ በኋላማ ማንኛውም ጥርጣሬ ትክክል መስሎ ይታያል። በመጨረሻም የተባለውና የተደረገው ሁሉ በጽሑፍ ይቀራል፤ ነገ «ማን ላከህ? ምን ፈልገህ ነበር? ምን ወሰድክ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ቢመጣ መልስ እንዲገኝ ነው።

ከማዘዣ በፊት የነበረው

አባቶቻችን የጠፋ ዕቃ የሚፈልጉበት የራሳቸው ዘዴ ነበራቸው። አንዱ አውጫጭኝ፣ በሌላ ስሙ አፈርሳታ ነው። የአካባቢው ሰው በሙሉ አንድ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፤ ጥፋተኛው እስኪታወቅም ወደ ቤቱ አይመለስም። እርሻው ቢያድር፣ ከብቱ ቢጠፋ ማንም አይሰማም። አንዱ በደለ ተብሎ መንደሩ ሁሉ ይታገታል።

ሌላው ሌባሻይ ነው። ለአንድ ልጅ የሚያሰክር መድኃኒት ያጠጡትና ወገቡን በመቀነት ይዘው መንደር ለመንደር ያስኬዱታል። ልጁ እየተንገዳገደ ከገባበትና ከወደቀበት ቤት ሌባው ተገኘ ይባላል። የዚያ ቤት ባለቤት ዕዳውን ከመክፈል በቀር ምን አማራጭ ነበረው? የመድኃኒቱን ኃይል ተከራክሮ የሚረታው በየትኛው ችሎት ነው? ማንንም መጠየቅ አይቻልም፤ ልጁ ራሱን አያውቅም፣ ያጠጣው ሰውም «ያገኘው መድኃኒቱ ነው» ይላል።

ይህን የማነሳው አባቶችን ለመውቀስ አይደለም። እነዚሁ አባቶች «በሕግ አምላክ!» ሲባል እጃቸውን የሚሰበስቡ፣ ባላጋራቸውን በነጠላ ተቆራኝተው ዳኛ ዘንድ የሚሄዱ ሰዎች ነበሩ። የሕግ ፍቅር አልጎደላቸውም። የጎደለው ኃይለኛው በር ላይ ሲደርስ «ቁም፣ መጀመሪያ ምክንያትህን ተናገር» የሚል ሥርዓት ነው።

ለንደን፣ 1762

ያ ሥርዓት ነጮቹም ዘንድ ከሰማይ አልወረደም። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በኅዳር 1762 የንጉሡ መልእክተኞች ጆን ኤንቲክ የሚባል ጸሐፊ ቤት ገቡ። ሰውየው «ሞኒተር» በሚባል ሳምንታዊ ጋዜጣ ላይ መንግሥትን ይተች ነበር። ናታን ካሪንግተንና ሦስት ጓደኞቹ አራት ሰዓት ሙሉ ቤቱን በረበሩ፤ የተቆለፈውን ሰበሩ፣ ወረቀቱን ሁሉ አግበስብሰው ሄዱ። በእጃቸው የነበረው ማዘዣ የዳኛ ሳይሆን የሚኒስትር ነበር።

በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1763፣ የባሰ መጣ። የምክር ቤት አባሉ ጆን ዊልክስ በሚያሳትመው ጋዜጣ በ45ኛው ቁጥር የንጉሡን ንግግር ነቀፈ። ሚኒስትሩ ሎርድ ሃሊፋክስ የጋዜጣውን ደራሲዎች፣ አታሚዎችና አሳታሚዎች ያዙ የሚል፣ የአንድም ሰው ስም ያልተጻፈበት ማዘዣ አወጣ። በዚያ ወረቀት 49 ሰዎች ተያዙ። ስም የሌለበት ማዘዣ ማለት የያዘው ሰው ራሱ ዳኛ ሆነ ማለት ነው።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢቆም ኖሮ ከእኛ ታሪክ አይለይም ነበር። የተለየው ተበዳዮቹ ቀጥሎ ያደረጉት ነው። ንጉሡን አልከሰሱም፤ ቤታቸው የገቡትን ሰዎች በስማቸው፣ እንደ ማንኛውም አጥር ሰባሪ ከሰሱ። ዊልክስ 1,000 ፓውንድ፣ ኤንቲክ 300 ፓውንድ ካሳ ተፈረደላቸው። በኋላ ሎርድ ካምደን የተባሉት ዳኛ በ1765 በኤንቲክ ጉዳይ የሰጡት ውሳኔ ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ባለሥልጣኑ ይህን ለማድረግ የሚያስችል ሕግ አለ ካለ ሕጉን ያሳይ፤ ካላሳየ ግን የመንግሥት ጉዳይ ነው ማለቱ ብቻውን ሕግ አይሆንለትም።

በዚያው ዘመን፣ በ1761፣ በአሜሪካ በቦስተን ከተማ ጄምስ ኦቲስ የተባለ ጠበቃ የጉምሩክ ሰዎች በፈለጉት ቤት እንዲገቡ የሚፈቅደውን አጠቃላይ ማዘዣ ተቃውሞ ለረጅም ሰዓታት ተከራከረ። በፍርድ ቤቱ ተረታ፤ ሆኖም ክርክሩን ቁጭ ብሎ ያዳምጥ የነበረው ወጣት ጆን አዳምስ በኋላ የአገሪቱ ሁለተኛ ፕሬዚዳንት ሆነ። በ1791 የጸደቀው አራተኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያም ማዘዣ በመሐላ በተደገፈ በቂ ምክንያት ካልሆነ እንዳይሰጥ፣ የሚበረበረውን ቦታና የሚያዘውን ሰው ወይም ዕቃ ለይቶ እንዲገልጽ አስገደደ።

ሕጉ ወደ እኛ ሲመጣ

በኢትዮጵያ የቤት አለመደፈር በጽሑፍ የሰፈረው ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም በተሰጠው ሕገ መንግሥት ነው። አንቀጽ 25 ሕግ ከሚፈቅደው በቀር የማንም ቤት እንዳይበረበር ይከለክላል። በ1948 ዓ.ም የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 61 ሰውም ሆነ መኖሪያ ቤት ከሕገ ወጥ ብርበራና ከመያዝ የተጠበቀ መሆኑን ደነገገ። በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም በአንቀጽ 13 የሰው መኖሪያ የማይደፈር ነው አለ።

እነዚህ ሁሉ መርህ ናቸው። መርሁን ወደ ሥራ ያወረደው ከላይ የጠቀስኩት የ1954ቱ ሥነ ሥርዓት ሕግ ነው። የመጨረሻውን ረቂቅ ያዘጋጁት ቀደም ሲል በማላያ ዋና ዳኛ የነበሩት እንግሊዛዊው ሰር ቻርልስ ማቲው ናቸው። በዚህ መንገድ የኤንቲክ ቤት መደፈር ያስገኘው ትምህርት፣ ሁለት መቶ ዓመት ገደማ ቆይቶ፣ በነጋሪት ጋዜጣ ታትሞ አዲስ አበባ ገባ።

ነገር ግን አንድ ነገር ጎድሎ ገባ። ሕጉ ሊወጣ ጥቂት ወራት ሲቀሩት፣ እ.ኤ.አ. በሰኔ 1961፣ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በዶልሪ ማፕ ጉዳይ ወስኖ ነበር። በ1957 የክሊቭላንድ ፖሊሶች ቤቷ ሲመጡ ማዘዣ ጠየቀቻቸው። ከሰዓታት በኋላ በሩን ሰብረው ገቡና አንድ ወረቀት ከፍ አድርገው አሳዩዋት። እሷም ወረቀቱን ነጥቃ ደረቷ ውስጥ ከተተችው፤ ታግለው ወሰዱባት። በፍርድ ቤት ማዘዣው ይምጣ ሲባል ግን አንድም ማዘዣ አልቀረበም። የፈለጉትን ሰው ትተው በሌላ ዕቃ ከሰሷት። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በሕገ ወጥ ብርበራ የተገኘ ማስረጃ በክፍለ አገር ፍርድ ቤቶችም ተቀባይነት የለውም ሲል ወሰነ። የእኛ የ1954 ሕግ ስለዚህ ነገር በግልጽ የሚለው የለም። አሁን ያለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 19 በማስገደድ የተገኘ የእምነት ቃል ተቀባይነት እንደሌለው ይናገራል፤ በሕገ ወጥ ብርበራ ስለተገኘ ዕቃ ግን እንዲህ ያለ ቃል አልጻፈም። ያለ ማዘዣ ገብቶ ያገኘው ነገር የሚጠቅመው ከሆነ በርባሪው ስለ ማዘዣ ለምን ይጨነቃል?

1969 እና ከዚያ ወዲህ

ደርግ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም ሥልጣን ሲይዝ ሕገ መንግሥቱን አገደ። የሥነ ሥርዓት ሕጉን ግን አልሻረም። በመጋቢት 1969 ዓ.ም አሳሾች በየቤቱ ሲገቡ፣ ማዘዣ ያስፈልጋል የሚለው አንቀጽ በየፍርድ ቤቱ መደርደሪያ ላይ እንደተቀመጠ ነበር። ለመሻር እንኳ አልበቃም፤ ተረሳ። የሚፈለገው ምን እንደሆነ የተጻፈበት ወረቀት ስላልነበረ ሁሉም ነገር ተፈላጊ ሆነ። የኢሕአፓ ልሳን የነበረችው «ዴሞክራሲያ» ተገኘችበት የተባለ ወጣት ዳኛ ፊት ለመቅረብ ዕድል አላገኘም። በ1967 ዓ.ም የከተማ ቤትን ለማስተዳደር የተቋቋመው ቀበሌ የማን ልጅ የት እንደሚተኛ ያውቅ ስለነበር ለአሰሳው መሪ ሆነ። የሌባሻዩ ዘመን ተመለሰ፤ ልጁ በወደቀበት ቤት ሌባ ይገኛል።

ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 ቤትን፣ ሰውነትንና ንብረትን ከመመርመር፣ ደብዳቤንና ስልክን ከመደፈር ይጠብቃል። መልካም ነው። ነገር ግን ደጋግሜ ባነበብኩት ቁጥር አንድ ቃል አጣበታለሁ፤ አንቀጹ ፍርድ ቤት የሚል ቃል የለውም። መብቱ የሚገደበው አስገዳጅ ሁኔታ ሲፈጠርና በዝርዝር ሕግ መሠረት ነው ይላል እንጂ፣ የሚፈቅደው ዳኛ መሆን አለበት አይልም። ሦስተኛውን ሰው ለዝርዝር ሕግ ተወው ማለት ነው። ዝርዝር ሕግ ደግሞ ሕግ አውጪው በፈለገ ጊዜ ይለወጣል።

ተለወጠም። በ2001 ዓ.ም የወጣው የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652 በድብቅ ለሚካሄድ ብርበራ የፍርድ ቤት ፈቃድ ጠየቀ፤ ለድንገተኛ ፍተሻ ግን የፌዴራል ፖሊስ ዋና ዳይሬክተር ወይም የወከለው ሰው ፈቃድ ይበቃል አለ። ይህ ማለት በርባሪው አለቃውን ያስፈቅዳል፣ የለንደኑ ሎርድ ሃሊፋክስም ያደረገው ከዚህ ብዙ አይርቅም። አዋጁ በ2012 ዓ.ም በአዋጅ ቁጥር 1176 ተተክቷል።

ከዚያም በ2009፣ በ2010፣ በ2014 እና በ2015 ዓ.ም የታወጁት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጆች ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ መያዝንና መበርበርን ፈቀዱ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 93 በአስቸኳይ ጊዜ የማይነኩ ብሎ ከዘረዘራቸው አንቀጾች መካከል 26ኛው ስለሌለ ነገሩ በወረቀት ደረጃ ሕጋዊ ነው። ከቀኖቹ አንዱ ግን ሲከነክነኝ ይኖራል። የ2014ቱን አዋጅ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ያወጀው ጥቅምት 23 ቀን ነው። የብርበራ ማዘዣን ግዴታ ያደረገው ሕግ በወጣ ልክ በ60 ዓመቱ፣ በዕለቱ። ማንም አስቦበት ያደረገው አይመስለኝም። የሚያሳዝነውም ማንም አለማሰቡ ነው።

ለአባቴ የማልሰጠው የነበረ መልስ

«አገር በተኩስ ስትናጥ ማዘዣ እየጠበቅን እንለቅ ወይ?» የሚል አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ የ1954ቱ ሕግም ለጥድፊያ በር ከፍቷል። ዳሩ ግን መልሱ ሦስተኛውን ሰው ጨርሶ ማስወገድ መሆን የለበትም። ዳኛው ከብርበራው በፊት ካልተጠየቀ፣ በማግሥቱ ይጠየቅ። ማዘዣ መጻፍ ካልተቻለ፣ የተወሰደው ዕቃ ዝርዝርና የወሰደው ሰው ስም ይጻፍ። ይህን ያህል ለማድረግ ጊዜ የማይኖረው አሳሽ ወንጀል የሚፈልግ አይመስለኝም።

የሚከሰስበት በርም አለ። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 2126 የመንግሥት ሠራተኛ በጥፋቱ ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ እንደሚሆን፣ ጥፋቱ የሥራ ጥፋት ሲሆንም ተበዳዩ ከመንግሥት ካሳ ሊጠይቅ እንደሚችል ይናገራል። ኤንቲክ የተጠቀመበት መሣሪያ በእጃችን አለ ማለት ነው። ያጣነው ተከሳሹን ነው። ስሙን ያልጻፈ፣ ዝርዝር ያልተወ፣ ማዘዣ ያላሳየ ሰው ማን ተብሎ ይከሰሳል?

ወረቀት ዋጋ የለውም ለሚል ደግሞ የደርግ ባለሥልጣናትን ጉዳይ አስታውሳለሁ። ታኅሣሥ 3 ቀን 1999 ዓ.ም መንግሥቱ ኃይለ ማርያምና ጓዶቻቸው ጥፋተኛ ሲባሉ፣ ልዩ ዐቃቤ ሕጉ ካቀረባቸው ማስረጃዎች ብዙዎቹ ደርግ ራሱ የጻፋቸውና የፈረመባቸው ሰነዶች ነበሩ። የተጻፈው ዘመን ተሻግሮ መሰከረ። ያልተጻፈው፣ የዚያ ጎሕ ያልቀደደበት ጧት ብርበራ ግን፣ ከእኔና ከእህቶቼ ትዝታ በቀር ምስክር የለውም።

አባቴ ሬዲዮኑን አልነበረም የሚፈልገው። ሬዲዮ ሌላ ገዝቷል። የፈለገው የወሰደው ሰው ስም ከሥሩ የተጻፈበት አንድ ቁራጭ ወረቀት ነበር። የዋህ ሳይሆን እኔ ነበርኩ ያልገባኝ። ያ የተቀዳደደ ሕግ ዛሬ እኔ ዘንድ ነው፤ የእርሳሱ መስመር ደብዝዞ ቢሆንም 33ኛው አንቀጽ ላይ አሁንም ይታያል።